ፌንጣን የሚይዝ መኪና

የባሌ ጥያቄ አንድ ናት፤ "ይጎትታል ወይ?" ልንገዛ ያየነው መኪና አጠገብ ሳይደርስ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ "ይጎትታል ወይ?" ይላል። የሻጭም ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ "ኧረ ተራራ ይጎትታል!" ተራራ ጎትቱ ያለን ማን ነው? እኛ የምንጎትተው አንዲት አረንጓዴ የውድድር መኪና ከነተሳቢዋ ነው። ስሟ ፌንጣ ነው። ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ የልጆቻችን ስም ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።

"አንቺን ምን አገባሽ?" እንዳትሉኝ። ያገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ የሰው አንሶላ ስጎትት እሰነብትና፣ የውድድር ቀን ሲደርስ ደግሞ ፌንጣን የምጎትታት እኔ ነኝ። እሱ ይወዳደራል፤ ስንመለስ ግን የሚነዳ የለም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይጨልጥና ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ እንደ ግንድ ይጋደማል። እሱንም፣ ፌንጣንም፣ ተሳቢውንም ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ጓደኞቹ "ንፋሱ" ይሉታል። ንፋስ ሲያንኮራፋ መስማት የፈለገ ከኔ ጋር ይሳፈር።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ውድድር ስንመለስ ነው። ከውድድሩ ሜዳ ወደ ከተማ ሲመጣ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ መጨረሻው ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ከመጠምዘዣው በታች ገደል ነው። የቤት መኪናችን ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ነበረች። ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ ተሳቢው ከኋላ ትንሽ ጭራውን ቆላ። ፍሬን ያዝኩ፤ ባሰበት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ መሪው የኔ መሆኑ ቀረ። ስጎትተው የዋልኩት ነገር እኔን ይገፋኝ ጀመር። በግራ መስታወት ሳይ ፌንጣ፣ በቀኝ መስታወት ሳይ ፌንጣ። ከተሳቢ ላይ ሆና ልትቀድመኝ አማራት እንዴ! ያኔስ ሳቅ አልነበረም። ልጆቼ ናቸው የመጡብኝ። አማቴ ቤት ሆነው እናትና አባታቸውን የሚጠብቁት ሁለቱ ልጆቼ። "በቃ፣ ሁለታችንንም በአንድ ቀን" አልኩ በሆዴ።

እግዜር ሲያተርፍ መጠምዘዣው ጋ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ትንሽ ደልደል አለልኝ። ማርሹን ቀንሼ፣ መሪውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንደምንም ዳር አስያዝኳት። ዞር ብዬ ባየው አባወራው አፉን ከፍቶ ተኝቷል! ወዝውዤ ቀሰቀስኩት።

"ልንሞት ነበር እኮ!" አልኩት።

አፉን በመዳፉ ጠረገ፤ ውጪውን አየ፤ እኔን አየ። "እኔ እኮ አልነቃሁም" አለ። "ያን ያህል ቢሆን ኖሮ አልነቃም ነበር?"

ይኸውላችሁ! እኔ ከገደል አፍ ስመልሰው እሱ እንቅልፉን ምስክር አድርጎ አቆመብኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ያችው ናት፤ "አልነቃሁም እኮ።" እናቱ ፊት ሳነሳው፣ "አልነቃሁም እኮ።" አንጀቴ እርር ብሎ፣ መናገርም ሰለቸኝና ዝም አልኩ። "ደክሞኛል" ብቻ እላለሁ። ይህች ቃል ቤታችን ውስጥ ከመደጋገሟ የተነሳ ማንም አይሰማትም፤ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ሆናለች።

በኋላ ግን ነጯ ዳገት ላይ ፈልታ መንገድ ላይ አስቀረችን። ይህን ጊዜ ባሌ ነቃ! ዳገት ላይ ስለቆመች ነዋ። "ጉልበት አንሷታል፣ ሌላ ያገለገለ መኪና እንግዛ" አለ። እኔም አንድ ነገር ብቻ አልኩ፤ "ፌንጣን ከነተሳቢዋ ይዘን ሄደን፣ ከኋላው አስረን ሳንሞክር አንድም መኪና አንገዛም።"

"በሬ ሊገዛ ማረሻውን ተሸክሞ ገበያ የሚሄድ አይተሻል?"

"አላየሁም። በሬውም ገደል ሲገባ አላየሁም።"

ከአፉ አልወጣም እንጂ እንዳፈረብኝ ገባኝ። ቢሆንም ፌንጣን ጫነ። ሁሌም እንደሚጭናት በኋሊት ማርሽ እያስገባ፣ ቂጧን ወደ እኔ፣ አፍንጫዋን ወደ ውጭ አድርጎ። በእረፍት ቀን፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ በደልዳላው ጎዳና ነጯን በቀስታ እየነዳሁ ያገለገሉ መኪናዎች ወደሚሸጡበት ግቢ ደረስን።

የግቢው ደላላ "ወለላ" ነው የሚባለው። ስሙን ምላሱ ነው ያወጣለት። ገና ስንገባ እጁን እያሻሸ መጣ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! እትዬ፣ ምነው ሠርግ አስመሰላችሁት፣ ከነአጃቢዋ!" ፌንጣን በአገጩ እያሳየ ነው።

"ይጎትታል ወይ የሚለው አለ፤ ለሱ አሳየው" አልኩት።

ቀይ መኪና ነበረች ያሳየን። አጭር፣ ባለ ሦስት በር፣ እግሯ ከፍ ከፍ ተደርጎ የተሠራ፤ ለመሳፈር እግሬን ሳነሳ ወገቤ "ቀጭ" አለ። ሞተሩን ሲያስነሳው ግቢው በሙሉ ዞሮ አየ። የባሌን ፊት አየሁት፤ አለቀለት። እኔን ሲያጭ ራሱ እንዲህ አልቀለጠም። ብቻዋን፣ ባዶዋን፣ ከግቢው በላይ ያለውን ዳገት አስወጣትና ጉንጩ ቀልቶ ተመለሰ።

"ትበራለች!" አለ።

"ትቆማለች ወይ ነው ያልኩት።"

"ኧረ እትዬ፣" አለ ወለላ፣ "ፍሬን እኮ ለሰነፍ ሹፌር ነው።"

ደሜ ፈላ። "የመቃብር ድንጋይህ ላይ እንጻፍልህ?" ልለው ነበር፤ ተውኩት። ጎንበስ ብዬ ከኋላ አየሁ። ተሳቢውን የሚይዘው መንጠቆ፣ ጋንቾው ማለት ነው፣ የተያዘው ከመኪናው አጥንት ጋር አይደለም፤ ከኋላ መከላከያው ላሜራ ጋር ነው፣ ያውም በሳሳ ቡሎን። የኛ ተሳቢ ደግሞ የራሱ ፍሬን የለውም። መኪናዋ ካልያዘችው ማንም አይይዘውም። ይህን ሁሉ ለባሌ አሳየሁት።

"ጋንቾ ይቀየራል" አለ። "ሞተሩን አልሰማሽም?"

በኔና በሱ መካከል ያለው አንዲት ፊደል ናት። እሱ "ይጎትታል" ይላል፤ እኔ "ይጎተታል" እላለሁ። ቁልቁለት ላይ ጎታቹ ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አልኩት። "እሰራትና እንሞክር።"

አሰራት፤ በጊዜያዊ ሰንሰለትም ደግፎ አጠበቃት። ከዚያ በሾፌሩ በር ሊገባ ሲል ያዝኩት።

"ከውድድር በኋላ የሚነዳው ማነው?"

"አንቺ ነሻ።"

"እንግዲያው መሪው ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ እዚያ፣ ከምትተኛበት።"

ወለላ ሳቀ። ባሌ ከንፈሩን ነክሶ ዞረና ከጎኔ ተቀመጠ። ከግቢው ጀርባ ወደ መጋዘኖቹ የሚወርድ ሰፊ ቁልቁለት አለ፤ የእረፍት ቀን ስለሆነ መጋዘኖቹ ተዘግተዋል፣ ሰውም መኪናም የለም። ጀመርኩ። አልበረርኩም፤ ልጅ ትምህርት ቤት እንደማደርስ ነው የነዳሁት።

ትንሽ እንደወረድን ያ የማውቀው ነገር መጣ። ከኋላ ቀስ ያለ ውዝዋዜ። ግራ። ቀኝ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እግሬ ስር ጥልቅ ብሎ ወረደ። አጭሯ መኪና ቂጧን ወደ ጎን ተገፋች። ሰማይ ወደ ግራ፣ መጋዘን ወደ ቀኝ።

"ቀስ!" አለ ባሌ። "ቀስ በይ እንጂ! ያዢው!"

"እኔ ይዤዋለሁ። ፍሬኑ ነው ያልያዘልኝ!"

ዞር ብዬ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ ግን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። አንድ እጁ ከጣራው እጀታ ላይ፣ ሌላው ከወንበሩ ላይ፣ ቀኝ እግሩ ደግሞ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ንፋሱ! በውድድር ሜዳ ማንንም የማያሳልፈው ሰውዬ "በእናትሽ! በእናትሽ!" ይላል። ማርሽ ቀነስኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ያዝ፤ ከታች ሜዳው ተቀበለንና ቆምን።

ሞተሩን አጠፋሁ። ጭር አለ። ባሌ ወረደና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"ያን ቀን እንዲህ ነበር?" አለኝ።

"ያን ቀን ገደል ነበረው።"

"እኔም ተኝቼ።"

"እንደ ግንድ።"

አንገቱን ደፋ። "ለምን አልነገርሽኝም?" ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢል ያን ቀን ትዳራችን ያበቃ ነበር። አላለም። "ነግረሽኝ ነበር" አለ። "ነግረሽኝ ነበር እኮ።" አለቅስ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን እንባ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

እዚያ ተቀምጬ ነው ተሳቢውን ከጎን ያየሁት። ስንት ጊዜ ስጎትተው ኖሬ ከጎኑ ተቀምጬ አይቼው አላውቅም። ጭራው መሬት ሊነካ ወርዷል፤ ከፊት፣ ጋንቾው ጋ ደግሞ መኪናዋን ወደ ላይ ሊያነሳት ይታገላል። የፌንጣ ሞተር ከፊቷ ነው። በኋሊት ስለምትጫን ከባዱ ነገር ሁሉ ከተሳቢው ጭራ ላይ ነው ያለው።

እኔ ሥራ ቦታ የምጎትተው ጋሪ አለ። ደረቅ አንሶላ ምንም አይደለም፤ እርጥቡ ግን ድንጋይ ነው። እርጥቡን ከኋላ የጫንኩ ቀን ጋሪው መተላለፊያው ቁልቁል ላይ ጭራውን እየቆላ ከግድግዳ ግድግዳ ያላጋኛል። እርጥቡን ወደኔ፣ ደረቁን ወደ ኋላ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቁርጭምጭሚቴ ነው ያስተማረኝ። ለምን ከዚህ በፊት አልታየኝም? ሰው ሲደክመው የፊቱን እንጂ የጎኑን አያይም መሰለኝ።

"አዙራት" አልኩት።

"ማንን?"

"ፌንጣን። አፍንጫዋ ወደኔ ይሁን።"

ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ከሞት ተርፎ እንዲህ አልደነገጠም። "ፌንጣ ወደ ኋላ አትወርድም!" አለ። "ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቂጧ ትውረድ? ተወዳዳሪ መኪና አፍንጫዋን አስቀድማ ነው የምትወርደው። ገና ሳትጀምር ወደ ኋላ? ገድ የለውም!"

ይኸው ነው ለካ ሊገድለን የነበረው። ጉልበት አይደለም፣ መንገድ አይደለም፤ ፌንጣ ሰው ፊት በኩራት እንድትወርድ ነው እኔ በየቁልቁለቱ ነፍሴን ይዤ የምወርደው። ልጮህ ፈለግኩ። አልቻልኩም፤ ድካሙ ከቁጣው በለጠ።

"ስማኝ" አልኩት። "እሷ በቂጧ ትውረድ። እኔ በአፍንጫዬ ከምወርድ።"

የማሰሪያ ቀበቶዎቹን ፈታ፣ መወጣጫውን ዘረጋ፣ ፌንጣን አውርዶ አዞራትና በአፍንጫዋ ጫናት። ሲጨርስ ኮፈኗን በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ይቅርታ ሲጠይቃት ነው። እኔን ገና አልጠየቀኝም።

በቀይዋ እንደገና ሞከርን። ጭራ መቁላቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሆኖም ቀይዋ ራሷ ቀላል ናት፤ ፍሬን ስይዝ ተሳቢው በቀጥታ ይገፋታል፤ ልቆም ካሰብኩበት አልፌ ሄጄ ነው የምቆመው። ባሌ ከጎኔ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። ወደ ግቢው ስንመለስ ወለላ እየሮጠ መጣ።

"እህሳ ወንድሜ፣ ጎተተች?"

"ጎተተች" አለ ባሌ። "የሚይዝ የለህም?"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ወለላ ፊቱ ኮሰስ አለ። "የሚይዝማ..." አለና ግቢው ጥግ ያለ አንድ ግራጫ ነገር በአገጩ አሳየን። "ያ አለ። ግን እሱ መኪና ነው አይባልም፣ ግድግዳ ነው።"

ረጅም፣ ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒክአፕ ነው። ቀድሞ የመብራት ሠራተኞች የገመድ ጥቅል ይጎትቱበት ነበር፤ በሩ ላይ የተፋቀው ጽሑፍ ጥላው ይታያል። ባለቤቱ በዚያው መሥሪያ ቤት የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ መኪናው ጥላ ሥር ወንበር አስቀምጠው ያንጎላጃሉ። ከሩቅ እንደ ወለላ አልተጣሩም፤ ስንቀርብ እንኳ ከወንበራቸው አልተነሱም።

"ጋሼ፣ ይጎት..." አለና ባሌ አፉን ያዘ። "ፍሬኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው" አሉ። "ግን ልጄ፣ አልዋሽህም፣ ዳገት ላይ ትሰለቻለህ። እኔ ሰልችቶኝ ነው የምሸጠው።"

በሕይወቴ መኪናውን ሲሸጥ "ትሰለቻለህ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጋንቾው ከአጥንቱ ጋር የተያያዘ፣ ወፍራም፣ ቅባት የጠጣ። ጎማዎቹ ደህና። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የካምቢዮውን ዘይት ባሌ አወጣና አሸተተ፤ አልተቃጠለም። ከዚያ ፌንጣን አስረን ያንኑ ቁልቁለት ወረድን።

ምን ልበላችሁ? ምንም አልሆነም። ያን ያህል ነው። መሪው ዝም አለ። ፍሬን ስይዝ ያዘ። ተሳቢው እንደ ጨዋ ልጅ ከኋላ ተከተለ። ባሌ እጁን ወደ ጣራው እጀታ ልኮ ነበር፤ መሐል መንገድ ላይ መለሰው። ስንመለስ ዳገቱን እያቃሰትን ወጣን፤ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ከጎናችን እየሄዱ ሰላም ብለውን አለፉ።

"ይሰለቻል" አለ ባሌ።

"እሰይ" አልኩ። "እኔ መሰልቸት ነው ያማረኝ።"

ግራጫውን ገዛን። ወለላ "ግድግዳ ይዛችሁ ሄዳችሁ" ብሎ ሳቀብን። ይሳቅ።

ከዚያ የመጀመሪያው ውድድር ደረሰ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ባሌ መወጣጫውን ዘረጋና ፌንጣን በቂጧ አወረዳት። ጓደኞቹ አዩ፤ "ንፋሱ! ዛሬስ ንፋሱ ዞሮ ነው የሚነፍሰው?" ብለው አሽካኩ። አንገቱ ድረስ ቀላ። ግን አወረዳት። ጠዋት ሁለቱን ዙር ነዳ፤ ከፊት ከነበሩት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው የመጨረሻው ዙር ነው፤ ዋናው፣ ሰው ሁሉ የሚመጣለት። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነው የመጣሁት፤ ግራጫው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር።

ባሌ መጣ። የራስ ቁሩን አውልቋል። ከኋላው ፌንጣ ተጭናለች፣ በአፍንጫዋ፣ ቀበቶዎቿም ታስረዋል።

"ውረጂ" አለኝ። "ቁልፉን አምጪውና ወዲያ ተቀመጪ።"

"የመጨረሻው ዙርስ?"

"ከሮጥኩት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከተንቀጠቀጠ ማን ይነዳል?" ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ቀጥ ብለዋል። "አሁን ደህና ነኝ። እንሂድ።"

ቁልፉን ሰጥቼው ወዲያ ተቀመጥኩ። "ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ቀስቅሰኝ" አልኩት ብቻ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግኩ። ከሹፌር ጎን ሆኖ መተኛት እንዴት እንደሆነ አላውቀውም ነበር።

የነቃሁት በጡሩምባ ነው። ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ተደርድሮ ይጮሃል። አንድ ብስክሌት በጎናችን ቀደመንና ሄደ። ባሌ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ በኤሊ እርምጃ ያዘግማል። ውድድር የሚነዳ ሰውዬ!

"ምነው? መኪናው እምቢ አለ?"

"ኧረ ደህና ነው።"

ወደ ውጭ አየሁ። የከተማው ቤቶች ከፊታችን ይታያሉ። "ቁልቁለቱስ?"

"አልፈነዋል።"

"አልነቃሁም እኮ!"

"አውቃለሁ" አለ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "እንዳትነቂ ብዬ ነው እንዲህ የማዘግመው።"

ከኋላችን አሁንም ይጮሃሉ። እሱ ቀኝ ዳሩን እንደያዘ ነው። ወንበሩን እንደገና ለጠጥ አደረግኩና ተኛሁ።